የጠዋት 20 ደቂቃ፣ የማታ 10 ደቂቃ፦ የግል ጸሎቴን በምን ቅደም ተከተል ላድርገው?

ነርሷ (ጠያቂ)

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። ጠዋት ከቤት ከመውጣቴ በፊት 20 ደቂቃ፣ ማታ ከመተኛቴ በፊት 10 ደቂቃ አለኝ። እጄ ላይ ያሉት ውዳሴ ማርያም ከዘወትር ጸሎት ጋር የታተመበት ትንሹ መጽሐፍና ግእዝና አማርኛውን ጎን ለጎን የያዘ መዝሙረ ዳዊት ናቸው። የማልፈልገው «ቀስ በቀስ ይለመዳል» የሚል መልስ ነው። የምፈልገው ይህን ነው፦ ከምን ልጀምር፣ በምን ልጨርስ? ዳዊቱን እንዴት ልከፋፍለው? ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ሥራ ላይ ያለ ሰው እንዴት ይጠብቃቸው? የራሴን ልመና የት ላስገባው? ግእዙን ባልሰማውም በግእዝ ልጸልይ ወይስ በአማርኛ? አንድ ቀን ካመለጠኝስ በማግሥቱ እደርበዋለሁ?

ንባብ ቤት

እኅቴ፣ ከቅደም ተከተሉ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

ጠዋት፣ አንድ ደቂቃ ለዝግጅት፦ ፊትሽን ታጠቢ፣ ነጠላሽን መስቀልያ አጣፊ፣ ወደ ምሥራቅ ዙሪ፣ ቁሚ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ጸሎቱን የምታነቢው ከስልክ ከሆነ ደግሞ የበረራ ሁነታ ላይ አድርጊው። ይህን ትንሽ ነገር የሚንቅ ሰው «ነአኵተከ» የሚለውን የምስጋና ጸሎት ሳይጨርስ መልእክት ሲመልስ ይገኛል።

ከዚያ ማማተብ። አመልካች ጣትን በአውራ ጣት ላይ አመሳቅለሽ ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ። ከላይ ወደ ታች መውረዱ የጌታን ከሰማይ ወደ ምድር መምጣት፣ ከግራ ወደ ቀኝ መሻገሩ ከሲኦል ወደ ገነት መመለሳችንን ያሳያል። ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጅን ማወናጨፍ ማማተብ አይባልም።

ቀጥሎ የዘወትር ጸሎት፣ ያለ ጥድፊያ 8 ደቂቃ ገደማ። «በስመ አብ» ብለሽ ስትገቢ ወዲያው «እክሕደከ ሰይጣን» የሚለው ይመጣል። ብዙ ሰው አፉ ገና ስላልሞቀ እዚህ ላይ ይሮጣል። ቃሉ ግን የጥምቀት ቀን የተገባው ክህደተ ሰይጣን ነው፤ በየማለዳው የሚታደሰው እሱ ነውና እዚያ ላይ ቀስ በዪ። ነአኵተከ፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት (የእምነት መግለጫው)፣ የእመቤታችን ጸሎት «ታዐብዮ ነፍስየ ለእግዚአብሔር»፣ ሌላውንም መጽሐፉ በተራው ይመራሻል። ቅደም ተከተሉን ከራስሽ አትቀያይሪ፤ የሚቀያይር ሰው ከሳምንት በኋላ የትኛውን እንደዘለለ አያውቀውም።

ከዚያ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ 5 ደቂቃ ያህል። የቅዱስ ኤፍሬም ውዳሴ ለሰባት ቀን የተከፈለ ስለሆነ ቀኑን ከመክፈቻው ትለዪዋለሽ፦ ሰኞ «ፈቀደ እግዚእ»፣ ማክሰኞ «አክሊለ ምክሕነ»፣ ረቡዕ «ኵሎሙ ሠራዊተ ሰማያት»፣ ሐሙስ «ዕፅ እንተ ርእየ ሙሴ»፣ ዓርብ «ቡርክት አንቲ እምአንስት»፣ ቅዳሜ «ንጽሕት ወብርህት»፣ እሑድ «ተሰመይኪ ፍቅርተ»። የሰኞው ካመለጠሽ ማክሰኞ የማክሰኞውን ብቻ በዪ። መደረብ የሚባል ነገር የለም። የሦስት ቀን ውዝፍ ተሸክሞ የሚቆም ሰው በአራተኛው ቀን ጨርሶ አይቆምም።

የቀረው 6 ደቂቃ ለዳዊትና ለራስሽ ልመና ነው። መዝጊያው አቡነ ዘበሰማያትና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል።

ሥርዓት የሚፈርስበት ዋናው ምክንያት ስንፍና አይመስለኝም። ሰው በመጀመሪያው ሳምንት መልክአ ማርያሙን፣ መልክአ ኢየሱሱን፣ የመላእክቱን ድርሳን ሁሉ ይደራርብና 20 ደቂቃው 70 ይሆናል፤ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉንም ይተዋል። ስለዚህ ሁለት ልክ ይኑርሽ። አንዱ የተለመደው ቀን ልክ፣ ሌላው ቤት ቢቃጠል እንኳ የማይቀረው። የኋለኛው ከማማተብ፣ ከአቡነ ዘበሰማያት፣ ከበሰላመ ቅዱስ ገብርኤልና ከጸሎተ ሃይማኖት አይለፍ፤ 3 ደቂቃ ይበቃዋል።

ባለ ዳዊት

ስለ ዳዊቱ ብቻ ልመልስ።

በጸሎት መጻሕፍት የሚታተመው የሳምንት አከፋፈል ይህ ነው፦ ሰኞ 1–30፣ ማክሰኞ 31–60፣ ረቡዕ 61–80፣ ሐሙስ 81–110፣ ዓርብ 111–130፣ ቅዳሜ 131–150፣ እሑድ ጸሎተ ነቢያት (ከዳዊቱ ጋር የሚታተሙት የነቢያት ጸሎቶች) እና መኃልየ መኃልይ። ድምፅ አውጥቶ ለሚያነብ ሰው 30 መዝሙር አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ አንቺ ባለሽ ጊዜ አይሞከርም። ሁለተኛው በንጉሥ መክፈል ነው። ዳዊቱ 15 ንጉሥ ነው፣ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር፤ በቀን አንድ ንጉሥ ብትይ በ15 ቀን ይደገማል። እሱም ለ6 ደቂቃ ይበዛል።

ላንቺ የሚሆነው በወር መክፈል ነው። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ነው፣ መዝሙሩ 150፤ ስለዚህ በቀን 5። ዕልባትም አያስፈልግሽም። የቀኑን ቁጥር በ5 አባዢ፤ የምታገኚው የዕለቱ የመጨረሻ መዝሙር ነው። ዛሬ 12 ከሆነ 60 ይመጣል፣ ከ56 እስከ 60 ታነቢያለሽ። ቀን 7 ከሆነ ከ31 እስከ 35። አንድ ቀን ቢያመልጥሽ በማግሥቱ ቀኑ ራሱ ያለሽበትን ይነግርሻል፤ ወደ ኋላ አትመለሺ። ጳጉሜን ስትመጣ ዳዊቱ አልቋል፤ 15ቱ ጸሎተ ነቢያት አሉ፣ በቀን 3 ብትይ በ5 ቀን ይደርሳሉ። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ስድስተኛዋ ቀን ላመለጠሽ ትሁን።

አምስቱንም ጠዋት ማለት ግዴታ አይደለም፤ ሁለቱን ጠዋት፣ ሦስቱን ማታ አድርጊ። ሁለት ቦታ ላይ ግን ስሌቱ ያጣብቃል። ቀን 16 ላይ መዝሙር 77 አለ፣ ረጅም ነው። ከሁሉ የሚብሰው ቀን 24 ነው፦ ሁለት ቁጥር ብቻ ያለው 116ና 176 ቁጥር ያለው 118 አንድ ቀን ላይ ይውላሉ። መዝሙር 118 በዕብራውያን ፊደላት በ22 ክፍል የተከፈለ ነው፤ መጽሐፍሽ ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ 8 ቁጥር። በ24 አሌፍን ብቻ በዪ፤ የቀሩትን 21 ክፍሎች ጊዜ በተረፈሽ ቀን አንዳንድ እያደረግሽ ጨርሺ።

አንድ ማሳሰቢያ ስለ ቁጥሩ። የጸሎቱ ዳዊት የሰብዓ ሊቃናትን (የጥንቱን የግሪክ ትርጉም) አቆጣጠር ይከተላል። በዕብራይስጡ ቁጥር የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ወይም የስልክ መተግበሪያ ከከፈትሽ ከ10 እስከ 146 ባለው በአብዛኛው አንድ ቁጥር ይበልጥብሻል፦ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በአንዱ 22፣ በሌላው 23 ነው። ለመፈተን ቀላሉ መንገድ ይህን መዝሙር መክፈት ነው፤ 22 ላይ ካገኘሽው መጽሐፉ ከስሌቱ ጋር ይሄዳል።

ነርሷ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ5ቱ ስሌት በጣም ተመቸኝ። ስለ ሰባቱ ጊዜያት የሚነግረኝ አላገኘሁም ገና። አንድ ነገር ልጨምር፦ ታናሽ እኅቴ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች፤ መብራት ማብራትም ሆነ ድምፅ ማሰማት አትችልም። እሷስ?

ዘተሰዓት

ሰባቱ ጊዜያት «ስለ ጽድቅህ ፍርድ ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» በሚለው (መዝ. 118፥164) ላይ የቆሙ ናቸው፤ የሕግ መጽሐፉ ፍትሐ ነገሥትም በአንቀጽ 14 ይዘረዝራቸዋል። ሥራ ላይ ያለ ሰው ሰባቱን ጊዜ መጽሐፍ ገልጦ አይቆምም። ሁለቱን፣ ነግህንና ንዋምን (የማለዳውንና የመኝታውን)፣ በሙሉ ሥርዓት ይዞ አምስቱን በአንድ አቡነ ዘበሰማያትና በአንድ መታሰቢያ ይጠብቃቸዋል። መታሰቢያው ነው ጊዜውን ከሌላው የሚለየው፦

ነግህ፣ ጠዋት 12 ሰዓት፦ ጌታ በጲላጦስ ፊት መቆሙ።
ሠለስት፣ 3 ሰዓት፦ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ መውረዱ (ሐዋ. 2፥15)።
ቀትር፣ 6 ሰዓት፦ መሰቀሉ። ጴጥሮስም በዚህ ሰዓት ሊጸልይ ወደ ጣራ ወጣ (ሐዋ. 10፥9)።
ተሰዓት፣ 9 ሰዓት፦ ነፍሱን በፈቃዱ መስጠቱ። ጴጥሮስና ዮሐንስ ወደ መቅደስ የወጡበት ሰዓትም ነው (ሐዋ. 3፥1)።
ሠርክ፣ 11 ሰዓት፦ ከመስቀል ወርዶ መቀበሩ።
ንዋም፣ ማታ 3 ሰዓት፦ በጌቴሴማኒ መጸለዩ።
መንፈቀ ሌሊት፣ 6 ሰዓት፦ ልደቱና ትንሣኤው። ጳውሎስና ሲላስ በወኅኒ የጸለዩትም በእኩለ ሌሊት ነው (ሐዋ. 16፥25)።

ስልክሽ ላይ ደወል የምትሞዪ ከሆነ ተጠንቀቂ። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሄደው፤ ሠለስት 9:00፣ ተሰዓት 15:00፣ ሠርክ 17:00 ተብሎ ይገባል። ሠለስትን 3:00 ብሎ የሞላ ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይነቃል (ክፉ ሰዓት አይደለም፣ ግን ሠለስት አይደለም)። ዱባይም ሆነ ስቶክሆልም ያለ ሰው ያለበትን አገር ሰዓት ይጠብቅ እንጂ የአዲስ አበባን አይቁጠር። በአውሮፓ በበጋ ፀሐይ እስከ ምሽት አትጠልቅምና ሠርክን በፀሐይ መጠበቅ አያዋጣም፤ በሰዓቱ ያዙት።

ለእኅትሽ፦ መብራት፣ ዕጣን፣ ሥዕለ አድኅኖ፣ ድምፅ፣ ሁሉም ሲገኝ መልካም ነው፤ ሲታጣ ግን ጸሎቱ አይቀርም። ነህምያ በንጉሡ ፊት ቆሞ ሳለ «ወደ ሰማይ አምላክ ጸለይሁ» ይላል (ነህ. 2፥4)። ሣህን እያጠበች ሳለ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በልቧ ትበል። መጽሐፍ መያዝ የማይቻልባት ከሆነ የየቀኑን ውዳሴ የመጀመሪያ አንቀጽ ብቻ በቃል ትያዝ፤ በሳምንት አንድ ቀን ብትይዝ በሰባት ሳምንት ሰባቱም ይኖሯታል። መቍጠሪያም አያስፈልጋትም። 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ለማለት አንዱን በ4 ሰከንድ ብንቆጥረው ከ3 ደቂቃ አይበልጥም፤ በጣት አንጓ 12 እየተቆጠረ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ 5 ይጨመራል።

ከደጀ ሰላም

የራስን ልመና በተመለከተ ከላይ በተባለው ቦታ አልስማማም። 6 ደቂቃ ውስጥ ከዳዊት ጋር ካጨቅሽው ሁልጊዜ የሚቆረጠው እሱ ነው። እኔ የምመክረው ለማታ እንድትተዪው ነው። ጠዋት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ማታ 10ሩን ደቂቃ እንዲህ ክፈዪው፦ ማማተብና አቡነ ዘበሰማያት 1 ደቂቃ፣ መዝሙር 50 («ተሣሃለኒ») 2 ደቂቃ፣ የቀኑን ውሎ መመርመር 2 ደቂቃ፣ ልመና 3 ደቂቃ፣ መዝሙር 90 («ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል») 2 ደቂቃ። የዳዊቱን አምስቱንም መዝሙር ጠዋት ማድረግ ካቃተሽ ማታ የቀረውን በመዝሙር 50 ቦታ አስገቢ።

የራስ ልመና የሚበላሸው በአንድ መንገድ ነው፦ በችግር ተጀምሮ በችግር ያልቃል፤ በሦስተኛው ቀን ሰውየው የሚለው ያጣል ወይም ያንኑ ይደግማል። መፍትሔው አቡነ ዘበሰማያትን እንደ አጥንት መጠቀም ነው። ሦስቱ የመጀመሪያዎቹ ቃላት የእግዚአብሔር ናቸው፦ ስሙ፣ መንግሥቱ፣ ፈቃዱ። «ይትቀደስ ስምከ» በሚለው ላይ ቆመሽ ዛሬ ስላገኘሽው አመስግኚ። «ትምጻእ መንግሥትከ» ላይ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ አገር፤ «ለይኩን ፈቃድከ» ላይ አንቺ ስለምትፈልጊውና እሱ ሊከለክልሽ ስለሚችለው ነገር። ከዚያ ነው የእኛ የሚመጣው፦ «ሲሳየነ» ላይ እንጀራ፣ ሥራ፣ ጤና፣ የሕሙማን ስም፤ «ኅድግ ለነ» ላይ የቀኑ በደልና የተቀየምሽው ሰው፤ «ኢታብአነ» ላይ ነገ የምትፈሪው። የሌሎችን ስም በወረቀት ጽፈሽ በክርስትና ስማቸው ጥሪ፤ ወረቀቱ ከ12 ስም አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጸሎቱ የስም ጥሪ ይሆናል። ያንቀላፉትን (በሞት የተለዩትን) ለይተሽ ከታች ጻፊ።

ምርመራው ኑዛዜን አይተካም። ማታ ያገኘሽውን ኃጢአት ለንስሐ አባትሽ ነው የምትናገሪው። ንስሐ አባትሽ ስለ ኃጢአትሽ የሰጡሽ ቀኖና ካለም ለብቻው ቁጠሪው፤ «ዳዊት ለማንኛውም አነብ የለ» ብለሽ ከዕለቱ 5 መዝሙር ጋር አታደባልቂው።

ንባብ ቤት

ለማታ መተዉ ያስኬዳል፤ ተቀብያለሁ። እንቅልፍ የሚያጠቃው ሰው ግን ጠዋት ላይ ያቆየው።

ስለ ግእዙ። ሐዋርያው «በመንፈስ እጸልያለሁ በአእምሮም ደግሞ እጸልያለሁ» ይላል (1ቆሮ. 14፥15)። ትርጉሙን የማታውቂውን ሁሉ በአማርኛ አድርጊ፤ ኃጢአት የለበትም። የዘወትር ጸሎቱን ግን በግእዝ ያዢው፣ ቅዳሴ ላይ ከሕዝቡ ጋር የምትይው እሱ ነውና። በሳምንት አንድ መስመር ብቻ ፍቺው፦ «ነአኵተከ» እናመሰግንሃለን፣ «ንሴብሐከ» እናወድስሃለን፣ «ዘለለ ዕለትነ» የየዕለታችን፣ «ጌጋየነ» ስሕተታችንን።

በፍጥነት ማንበብ ትርጉም ይገለብጣል። «ኢታብአነ እግዚኦ ውስተ መንሱት» ውስጥ ያለችው «ኢ» አፍራሽ ናት፤ «አቤቱ ወደ ፈተና አታግባን» ያሰኘችው እሷ ናት። ከፊቷ ባለው ቃል ተውጣ ከቀረች ወደ ፈተና አግባን እያልሽ ነው። የጅምላ ጸሎት ላይ ስንት ሰው እንደሚውጣት ጆሮ ሰጥተሽ ስሚ። «ኢ»ን ከማለትሽ በፊት ትንፋሽ ውሰጂ።

ጉልበቷን የሚያማት

ስግደትስ? ማንም አላነሣውም።

ዘተሰዓት

እናቴ፣ ስግደት በሦስት መልክ ነው፦ ሰጊድ ግንባርን መሬት አስነክቶ፣ አስተብርኮ በጉልበት ተንበርክኮ መነሣት፣ አድንኖ ራስን ዝቅ ማድረግ። ጉልበትዎን ካመመዎ አድንኖ ይበቃዎታል፤ ቁጥሩን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ። በእሑድ፣ በበዓለ ሃምሳ፣ በጌታ በዓላትና ከቁርባን በኋላ ለጤነኛውም ቢሆን ስግደት የለም። ከትንሣኤ ማግሥት ጀምሮ በየጠዋቱ የሚሰግድ ሰው ትጋቱ ጥሩ ነው፣ ጊዜውን ግን ስቷል።

ነርሷ (ጠያቂ)

ሁለት ነገር ቀረኝ። በወር አበባ ጊዜ ቤት ውስጥ መጸለይ ይቻላል? የሌሊት ፈረቃ ሲደርሰኝስ ቤት የምገባው ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ያ ጊዜ ለእኔ ነግህ ነው ወይስ ንዋም?

ከደጀ ሰላም

የመጀመሪያው ይቻላል። ወደ ቤተ መቅደስ አትገቢም እንጂ የቤት ጸሎት አይቋረጥም፤ ዳዊቱም ውዳሴውም እንደተለመደው።

ለፈረቃው፦ ማታ ከመውጣትሽ በፊት የማታውን 10 ደቂቃ ጨርሺ፣ መዝሙር 90ን ብቻ አስቀሪ። መንፈቀ ሌሊትን ሥራ ላይ በአንድ አቡነ ዘበሰማያት ጠብቂ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ርክክብ ስለሚሆን እጅሽን ስትታጠቢ አማትቢና ነግህን በአጭሩ በዪ። 2 ሰዓት ቤት ስትደርሺ ምግብ ከመቅረቡ በፊት፣ ልብስ ሳትቀይሪ፣ ቆመሽ የዘወትሩንና የዕለቱን ውዳሴ አድርሺ፤ ልብስ ከቀየርሽ አልጋው ይጎትትሻል። ከዚያ መዝሙር 90ን ብለሽ ተኚ። የዕለቱን 5 መዝሙር ከሰዓት ስትነሺ ተሰዓት ላይ አድርጊው፤ ስሌቱ በቀኑ ቁጥር ስለሆነ ጠዋትም ከሰዓትም ብትይው አይዛባም።